የማይዋሽ ግምት፦ የፕሮግራምን ትርጉም ፍለጋ ከኦክስፎርድ እስከ ግሬኖብል

እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት እንግሊዛውያን ለንደን አጠገብ ወዳለው የብሔራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ለስብሰባ በባቡር ይጓዙ ነበር። አንደኛው አለን ቱሪንግ ነው። ሁለተኛው ክሪስቶፈር ስትሬቺ ይባላል፤ ለዓመታት የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ የኖረ፣ በትርፍ ጊዜው ለማንቸስተሩ ኮምፒውተር የዳማ ጨዋታ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ነው። በመንገድ ላይ ቱሪንግ አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ በቃል አስረዳው። የትኛውንም ፕሮግራም አይቶ «ይሄኛው ሥራውን ጨርሶ ይቆማል፣ ያኛው ግን ሲዞር ይኖራል» ብሎ ሁልጊዜ ሳይሳሳት የሚፈርድ ፕሮግራም ሊጻፍ አይችልም። ስትሬቺ ሰማ፤ ወዲያውም ዝርዝሩን ረሳው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ የኮምፒውተር መጽሔት በላከው አጭር ደብዳቤ ነው መርሳቱን ተናዞ፣ በራሱ መንገድ በጥቂት መስመር ያረጋገጠው።

በዚያው በ1953 ሄንሪ ጎርደን ራይስ የተባለ አሜሪካዊ የዶክትሬት ሥራውን በጽሑፍ አወጣ። የራይስ ውጤት የቱሪንግን አባባሰው እንጂ አላቃለለውም። አንድ ፕሮግራም ሲሠራ ስለሚያሳየው ባህርይ የሚነሣ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ሁሉ፣ ለሁሉም ፕሮግራሞች በማሽን ሊመለስ አይችልም ይላል። በዜሮ ያካፍል ይሆን? ከተመደበለት የማስታወሻ ቦታ አልፎ ይጽፍ ይሆን? እነዚህን ለይቶ፣ ሁልጊዜ ትክክለኛውን «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚሰጥ መሣሪያ አይኖርም። የፕሮግራም ትንተና ሊያጠና ድኅረ ምረቃ የሚገባ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ይህ የተዘጋ በር ነው። የሙያው ታሪክ በሩ መዘጋቱን እያወቁ ከፊቱ ያልሄዱ ሰዎች ታሪክ ነው።

ለመተንተን ግን ቀድሞ ትርጉም ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ነው፤ ልጁ ግዕዙን ወርድ ንባብ ሲያነበንብ ውሎ አንዲት ቃል ሳይገባው ሊያድር ይችላል። የኮምፒውተር ቋንቋዎችም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከንባብ ቤት አልወጡም ነበር። አልጎል 60 የተባለው ቋንቋ ሰዋስው በጥንቃቄ በተበጀ የምልክት ሥርዓት ተጽፎ ነበር። የትኛው ጽሑፍ ትክክለኛ የአልጎል ፕሮግራም እንደሆነ አያከራክርም። ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ግን የተነገረው በተራ እንግሊዝኛ ነው። ውጤቱን ዶናልድ ክኑዝ በ1967 ቆጥሮ አሳየ፤ ቋንቋው ከወጣ ከዓመታት በኋላም አሻሚ የሆኑ ቦታዎች ገና አልተፈቱም ነበር። የመጻሕፍት መምህር «አንድም» ሲል ሀብት ይጨምራል። ኮምፓይለር «አንድም» ያለ ዕለት ግን አንዱ ፕሮግራም በአንዱ ማሽን አንድ ውጤት፣ በሌላው ማሽን ሌላ ውጤት ይሰጣል።

ስትሬቺ ይህን ነገር ሊያስተካክል ተነሣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኦክስፎርድ ገብቶ የፕሮግራም ምርምር ቡድን አቋቋመ፤ ዶክትሬት አልነበረውም። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል አንድ የሒሳብ ነገር ይወክል፤ የሙሉው ፕሮግራም ትርጉም ደግሞ ከክፍሎቹ ትርጉም ብቻ ይገንባ። ለመጻፊያ የመረጠው አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ የፈጠረውን ላምዳ ካልኩለስ ነበር። በዚያች ትንሽ ቋንቋ ውስጥ ሁሉም ነገር ፈንክሽን ነው፤ ፈንክሽን ፈንክሽንን ይቀበላል፣ ራሱንም ሳይቀር። ችግሩም እዚያው ላይ ነበር። በካንቶር ሒሳብ መሠረት ከአንድ ስብስብ ወደ ራሱ የሚሄዱ ፈንክሽኖች ሁሉ ከስብስቡ አባላት ይበዛሉ፤ ስለዚህ ራሱን የሚቀበል ፈንክሽን በየትኛው ስብስብ ውስጥ ይኖራል? ስትሬቺ ምልክቶቹን ይጽፍ፣ ያሰላም ነበር። ምልክቶቹ የሚያመለክቱት ነገር መኖሩን ግን ማንም አላረጋገጠም።

በ1969 መጸው ዴና ስኮት ኦክስፎርድ መጣ። አሜሪካዊ የሎጂክ ሊቅ ነው፤ በበርክሌይ ከአልፍሬድ ታርስኪ ተምሮ፣ በፕሪንስተን በራሱ በቸርች ሥር ዶክትሬቱን የሠራ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ስትሬቺን መቃወም ነበር። በጥቅምት ወር በጻፈው ረቂቅ፣ ዓይነት ያልተወሰነለት ላምዳ ካልኩለስ የሒሳብ ትርጉም የለውምና ይተው ሲል ተከራከረ። በኅዳር የሒሳብ ሞዴሉን ራሱ አገኘው። ረቂቁ ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በ1993 በመጽሔት ወጣ፤ ደራሲው በወሩ ያፈረሰው ክርክር ከሃያ አራት ዓመት በኋላ የመታተም ክብር ማግኘቱ በዚህ ሙያ ብዙም አያስገርምም፤ ያ ረቂቅ ሌላ ብዙ ፍሬ አፍርቷልና።

ስኮት መፍትሔ ያገኘው ፈንክሽኖችን ሁሉ ማስገባቱን ትቶ ነው። ዋጋዎችን በያዙት መረጃ መጠን ደረደራቸው፤ ከታች «ገና ምንም አልታወቀም» የሚለው ይቀመጣል፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የሚታወቀው ይጨምራል። ማያቋርጥ ዙር ውስጥ የገባ ፕሮግራም ትርጉሙ ያ የታችኛው ወለል ነው፤ ምንም አይነግረንምና። ከዚያም ይህን የመረጃ መሰላል የሚያከብሩትን ፈንክሽኖች ብቻ አስቀረ። እነሱን የካንቶር ሒሳብ አያግዳቸውም። የዙር ትርጉምም ምንም ካለማወቅ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚደረስበት፣ ከዚያ በኋላ ቢደጋግሙትም የማይለወጥ ነጥብ ሆነ። ስትሬቺ ይህ ሥራ የት እንደደረሰ ብዙ ሳያይ በ1975 በ58 ዓመቱ ሞተ።

በተመሳሳይ ጊዜ ሌሎችም በሌላ መንገድ ይሄዱ ነበር። ሮበርት ፍሎይድ በ1967፣ ቶኒ ሆር በ1969፣ ትርጉምን በማረጋገጫ ሕግ ጻፉ፤ ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት ይህ እውነት ከሆነ፣ ከተፈጸመ በኋላ ያ እውነት ይሆናል በሚል። ሆር በኦክስፎርድ የተማረው ላቲንና ግሪክ፣ ከዚያም ፍልስፍና ነው። በ1977 የስትሬቺን ወንበር የወረሰው እሱ ነበር።

ይህ ትምህርት የተላለፈበት መንገድ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ስትሬቺ በ1967 ኮፐንሃገን ውስጥ ለበጋ ትምህርት የሰጠው ማስታወሻ በመጽሔት የታተመው በ2000 ነው። ጎርደን ፕሎትኪን በ1981 በዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የፕሮግራምን ትርጉም በትናንሽ የአፈጻጸም እርምጃዎች የሚገልጽበትን ዘዴ ለተማሪዎች አስተምሮ ማስታወሻውን ትቶ ሄደ። እሱም በመጽሔት እስኪወጣ እስከ 2004 ጠበቀ። በእነዚያ ሃያ ሦስት ዓመታት ተማሪዎች የሚያጠኑት በፎቶ ኮፒ ነበር፤ ዛሬ የፕሮግራም ቋንቋ ጥናት የሚያነብ ሰው ከፕሎትኪን የአጻጻፍ ዘዴ ውጭ የተጻፈ ወረቀት ለማግኘት ይቸገራል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቃል ይዞ ደብር ለደብር እንደሚዞረው ማለት ነው።

አሁን ትርጉሙ ተጽፏል እንበል። ግን ትርጉሙን መጻፍና ማስላት ይለያያሉ፤ የራይስ በር ዛሬም እንደተዘጋ ነው። በጎን ደግሞ ኮምፓይለር የሚሠሩ ሰዎች በትርጉም ሊቃውንቱ ሳይጨነቁ ፕሮግራምን ሳያስኬዱ የሚመረምሩባቸው ብልሃቶች ነበሯቸው። ጋሪ ኪልዳል በ1973 ብዙዎቹን ብልሃቶች በአንድ ቀመር ሰብስቦ አሳየ። (ይኸው ኪልዳል ብዙም ሳይቆይ ሲፒኤም የተባለውን የግል ኮምፒውተሮች ሥርዓት ጽፎ በሌላ ምክንያት ታዋቂ ሆነ።) የኪልዳል ቀመር ይሠራል። የሚሰጠው መልስ ስለ ፕሮግራሙ ትክክለኛ ትርጉም እውነት መሆኑ ከምን እንደሚመጣ ግን ገና በአግባቡ አልተነገረም። ኦክስፎርድና ኮምፓይለር ሠሪዎቹ ያልተገናኙ ሁለት መንደሮች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ካገናኙት ሰዎች አንዷ የተወለደችው በ1947 ከአልጄሪያ ድንበር አጠገብ ባለች ሳኪዬት ሲዲ ዩሱፍ በምትባል የቱኒዚያ መንደር ነው። የካቲት 8 ቀን 1958፣ የገበያ ቀን፣ የፈረንሳይ አውሮፕላኖች የአልጄሪያ ተዋጊዎች ተጠልለውባታል በሚል መንደሯን ደበደቡ። ሰባ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ የትምህርት ቤት ልጆችም ነበሩባቸው። ራዲያ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ተረፈች። በሱስና በአልጀርስ ተማረች፤ ከዚያ በዩኔስኮ ስኮላርሺፕ ፈረንሳይ ገብታ በግሬኖብል የማስተርስ ዲግሪዋን በ1972 አገኘች። ከአፍሪካ ተነሥቶ በነፃ ትምህርት አውሮፓ የደረሰ ተማሪ ለአበሻ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መንደሩን በደበደበው አገር ገብቶ የዚያን አገር አውሮፕላኖች ደኅንነት የሚያስጠብቅ ሳይንስ ያቋቋመ ግን ብዙ አይገኝም። ግሬኖብል ላይ ፓትሪክ ኩዞን አገኘች፤ የትዳርም የሥራም ባልደረባዋ ሆነ።

ባልና ሚስቱ በጥር 1977 ሎስ አንጀለስ በተደረገ ጉባኤ ያቀረቡት ጽሑፍ ሥራቸውን «አብስትራክት ኢንተርፕሬቴሽን» ብሎ ሰየመው፤ ረቂቅ ትርጓሜ ልንለው እንችላለን። ፍሬ ነገሩን ሱቅ ውስጥ ማሳየት ይቻላል። አንዲት እናት ልጇን ሳሙናና ዘይት ልትልክ ነው እንበል። ዋጋውን በትክክል አታውቀውም፤ ሳሙናው ከ10 እስከ 20 ብር፣ ዘይቱ ከ30 እስከ 40 ብር እንደሆነ ግን ታውቃለች። ሱቅ ሳትሄድ ድምሩ ከ40 እስከ 60 እንደሚሆን አወቀች። 60 ብር ከሰጠችው ልጁ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ዛሬም፣ ነገም፣ በየትኛውም ሱቅ። ዋጋውን ሳታውቅ ስለ ዋጋው የማይዋሽ ነገር ተናገረች። 50 ብር ብቻ ካላት ደግሞ «ላይበቃ ይችላል» ትላለች። ምናልባት የዚያ ቀን ድምር 45 ነበር፤ ስጋቷ ከንቱ ነበር። ሐሰት ግን አልተናገረችም።

የኩዞዎቹ ሥራ ይህን በፕሮግራም ላይ ያደርጋል። ፕሮግራሙን በእውነተኛ ቁጥሮች በማስኬድ ፋንታ በ«ከዚህ እስከዚህ» ያስኬደዋል፤ ሊኖሩ የሚችሉትን ሩጫዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያቅፋል። በሩን ሰብሮ አልገባም፤ በጎን ሄደ። ራይስ የከለከለው ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ ትክክለኛ መልስ መስጠትን ነው። «ደኅና ነው» ወይም «አላውቅም» ማለትን አልከለከለም። ጽሑፉን ከኪልዳል የሚለየው ደግሞ ይህ ነው፤ ግምቱ ከትክክለኛው ትርጉም ጋር በምን ሕግ ቢታሰር እንደማይዋሽ በሒሳብ ይነግራል። ለዚህም የተጠቀሙት መሰላልና የማይለወጥ ነጥብ ነው፤ በታርስኪ የ1955 ቲዎረም ላይ ቆመው። ተማሪዎችን መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው መሰላሉ መገልበጡ ነው። በስኮት ዘንድ «ምንም አላውቅም» ከታች ነው፤ በኩዞዎቹ ዘንድ ከላይ።

ዙር ሲመጣ ችግር አለ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ የሚጨምር ቆጣሪ መጀመሪያ ከ0 እስከ 1፣ ከዚያ ከ0 እስከ 2፣ ከዚያ ከ0 እስከ 3 እያለ ይሄዳል፤ ተንታኙም አብሮት ሲቆጥር ይኖራል። ኩዞዎቹ እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያድግ ያዩትን «ቁጥር ስፍር የለውም» ብለው ወሰን የለሽ አደረጉት፤ ከዚያ ከዙሩ መውጫ ሁኔታ ተነሥተው የሚቻለውን ያህል መልሰው ያጠቡታል። ሌላም ችግር አለ። ሳሙና ሲወደድ ዘይት ሁልጊዜ የሚረክስ፣ ድምሩም ሁልጊዜ 50 የሚሆን ቢሆንስ? ሁለቱን ለየብቻ የያዘ ግምት ይህን ዝምድና ያጣዋል። ለዚህ ፓትሪክ ከኒኮላ አልብዋክስ ጋር በ1978 በተለዋዋጮች መካከል ያለውን ዝምድና የሚይዝ፣ ዋጋው ግን ከባድ የሆነ ዘዴ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዘርፍ የተሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች አብዛኞቹ በአንድ ጥያቄ ላይ ይሽከረከራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምን ያህሉን ብንረሳ እንደርሳለን፣ ምን ያህሉን ብንረሳ ደግሞ መልሱ ከንቱ ይሆናል?

ለሃያ ዓመት ያህል ይህ በአብዛኛው የወረቀት ሥራ ነበር። ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኩሩ ተነሣች፤ ከ40 ሰከንድ በታች ቆይታ በአየር ላይ ተበታተነች። በዣክ-ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቦርድ የደረሰበት ነገር አጭር ነው። የሮኬቷን አቅጣጫ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወረሰ ነበር። አንድ ቦታ ላይ የ64 ቢት ቁጥር ከ32,767 በላይ መያዝ በማይችል የ16 ቢት ሣጥን ውስጥ ይገለበጣል። አዲሷ ሮኬት ከአሮጌዋ ይልቅ ፈጣን ስለነበረች ቁጥሩ ከሣጥኑ በለጠ፤ መሣሪያው ዘጋ፣ ተመሳሳዩ ሶፍትዌር የነበረበት መጠባበቂያውም እንዲሁ። ለአደጋ የተጋለጡ ሰባት ተለዋዋጮች መኖራቸውን መሐንዲሶቹ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ኮምፒውተሩ እንዳይጨናነቅ ሲባል አራቱ ብቻ ጥበቃ ተደረገላቸው። ሦስቱ አይበዙም ተባለ። ለአሪያን 4 እውነት ነበር። «ከዚህ እስከዚህ» የሚያሰላ ተንታኝ የሚፈልገው ደግሞ በትክክል ይህን ዓይነት ስሕተት ነው። ከአደጋው በኋላ የአላን ዶይች ተንታኝ በአሪያን ኮድ ላይ ተሞከረ፤ ከዚያም በ1999 ፖሊስፔስ የተባለ ኩባንያ ተወለደ።

ኩዞዎቹና ተማሪዎቻቸው ከ2001 ጀምሮ በፓሪሱ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር አስትሬ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። በኅዳር 2003 አስትሬ የኤርባስ ኤ340ን ዋና የበረራ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ 132,000 የሲ መስመር፣ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መረመረ። አንድም የሐሰት ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፤ በዜሮ ማካፈል፣ ከሣጥን በላይ የሆነ ቁጥር፣ ከድንበር የወጣ ንባብ በየትኛውም ሩጫ እንደማይኖር አረጋገጠ። ከቱሪንግና ከራይስ በኋላ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስለ እውነተኛ አውሮፕላን ሶፍትዌር መጻፍ መቻሉ የሙያው ትልቁ ኩራት ነው፤ ይገባዋልም። ሁለቱ በ2013 የፕሮግራም ቋንቋዎችን የሕይወት ዘመን ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ራዲያ በግንቦት 1 ቀን 2014 ኒውዮርክ ውስጥ ዐረፈች። በየዓመቱ በሚደረገው የዘርፉ ጉባኤ ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠው ሽልማት ዛሬ በስሟ ይጠራል።

ይሁንና ተንታኙ የሚመልሰው ፕሮግራሙ ምን ማለት እንደሆነ ነው። ምን ማለት እንደነበረበት ሌላ ሰው ሊነግረው ይገባል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ መጋቢት 10 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰው። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 610 ከ189 ሰው ጋር በተመሳሳይ መንገድ ጠፍቶ ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ክንፉ አየሩን የሚገናኝበት ማዕዘን አደገኛ ሆኗል ብሎ ያመነው ከአንድ ዳሳሽ ብቻ በደረሰው ቁጥር ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ዳሳሾች ነበሩት። በሥራ ሂደትም የሥርዓቱ ጉልበት አድጎ ነበር፤ የጭራውን ክንፍ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስበት መጠን ከ0.6 ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ የአሪያን ዓይነት ስሕተት የለም። ምርመራዎቹ የገለጹት እንደተነደፈው የሠራ ሥርዓት ነው። በዜሮ አልተካፈለም፤ ቁጥር ከሣጥን አልፈሰሰም። የተሳሳተ ማዕዘንም ቢሆን ማዕዘን ነው፣ የትኛውም ሣጥን ይይዘዋል። የአስትሬ ዓይነት ተንታኝ እንዲህ ባለ ኮድ ላይ ቢለቀቅ የሚያስጠነቅቀው ነገር አያገኝም፤ ዝምታውም ሐሰት አይሆንም። «ሁለቱ ዳሳሾች ካልተስማሙ አፍንጫውን አትንካ» የሚል መስመር በመግለጫው ውስጥ ቢኖር ኖሮ፣ ኮዱ ያንን ማክበር አለማክበሩን በሆር ሕግም በኩዞዎቹ ዘዴም መመርመር ይቻል ነበር። መስመሩ አልነበረም።

አውሮፕላኑ ከታገደ በኋላ የተሻሻለው ኤምካስ የሁለቱንም ዳሳሾች ንባብ ያነጻጽራል፤ በ5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ ሥራ አይጀምርም። በዚያ ጠዋት ከቦሌ እንደተነሡ የቀኙ ዳሳሽ 15.3 ዲግሪ ሲያነብ የግራው 74.5 ዲግሪ ያነብ ነበር።